ሁለተኛ እጅ ያልደረሳት ጀልባ

ማክሰኞ ነበር፤ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን። ለመምህርቷ እናቷ ከልጅነቷ ጀምራ የነገረቻት ይህንኑ ነው። ዘንድሮ፣ ነፍስ አድኗ ጀልባ ከጠፋች አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ መምህርቷ የዚያን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አውጥታ ብታይ አሥራ ሰባት እሑድ ሆኖ አገኘችው። ማክሰኞ አሥራ ዘጠኝ ነው።

«እሑድ ነበር ወይስ ማክሰኞ?» አለች፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ አውጥታ።

ወዲያው ደግሞ ራሷን ተጠራጠረች። ምናልባት አታሚው ተሳስቶ ይሆናል፤ ምናልባት ዓመቱን ያሳሳተችው እሷ ናት። ታሪክ አስተማሪ እንደመሆኗ ሰው ቀንን እንዴት እንደሚረሳ ታውቃለች። ሰው ቀንን ሆን ብሎ ሊለውጥ እንደሚችል ግን አላሰበችም።

ቤት ስትገባ እናቷን ጠየቀቻት።

«ያኔ ቀን መቁጠሪያ አልነበረኝም፤ ባል ነበረኝ» አለች እናቷ፣ ከምትቀዳው ሻይ ቀና ሳትል። «አሥራ ሰባት ነው ካልኩሽ አሥራ ሰባት ነው።»

መምህርቷ መልሱን የፈለገችው ለአንዲት ካርድ ነበር። የወደቡ ጽሕፈት ቤት በአሮጌው የገመድ መጋዘን ውስጥ ትንሽ ሙዚየም እያዘጋጀ ነው። መሐል ላይ በመስታወት ሣጥን የጀልባዋ ሞዴል ይቀመጣል፤ ከሣጥኑ ሥር የምትለጠፈውን ካርድ እንድትጽፍ የተጠየቀችው እሷ ናት። አባቷ ከጀልባዋ ጋር ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። ርዝመት፣ ስፋት፣ የሰዎቹ ቁጥር፣ የወጣችበት ቀን፣ ቀለም፤ በቃ አምስት መስመር። ሦስቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰቻቸው። ቀኑና ቀለሙ ግን እምቢ አሏት።

የቀኑ ነገር የሚጣራበት ቦታ አልነበረም። በዚያ ወር ነፋሱ አራት ቀን ሙሉ፣ ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ፣ ሲያናውጥ ከተማው በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። የወደቡን መዝገብ ጣሪያው ሲነሳ ውሃ በላው። ሊያድኑት የሄዱት የዓሣ ጀልባም አብሯቸው ቀረ። ሦስቱ ሰዎች ሲወጡ ያየች እናቷ ብቻ ናት። በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ እንኳ የተቀረጸው ወሩና ዓመቱ ነው።

ሞዴሉን የሚሠሩት ጋሽ ሦስት እጅ ናቸው። ቀለም ቀቢ አንድ ጊዜ የቀባውን «አንድ እጅ»፣ የደገመውን «ሁለት እጅ» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ በር ይሁን አጥር፣ የሀብታም ይሁን የድኻ፣ ሦስት እጅ ሳይቀቡ ብሩሻቸውን አያጥቡም። ሰፈሩ ሲያሾፍባቸው፣ ሳያገቡ የቀሩት ሴቲቱ «እሺ» ያለቻቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው ይላል። እሳቸውም ይሰሙና «ሦስተኛውን ሳትል ደረቀባት» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ የሆነ ቀለም አይጠፋም። ሰው ሲያናግራቸው የሚያዩት ዓይኑን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነው።

በየዓመቱ ያ ወር ሲገባ፣ ሳይጠሩ መጥተው የእናቷን በር ይቀባሉ። ሲጨርሱ ቆመው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡና ይሄዳሉ። ቀለሙ በቀለም ላይ ሲደራረብ በሩ ወፍሮ ከመቃኑ ጋር አልገጥም አለ።

«ይኼ ሰው በሬን አደለበው እንጂ አላስዋበውም» ትላለች እናቷ። «ሌባ ቢመጣ አይዘጋ፣ እንግዳ ቢመጣ አይከፈት።»

ግን አንድም ዓመት «ተው» ብላቸው አታውቅም። መምህርቷ ይህን ሁሉ ስታይ አድጋ፣ የሟች ወዳጅ ውለታ ነው ብላ አልፋዋለች።

ምረቃው አሥር ቀን ሲቀረው ሞዴሉ ክንድ የሚያህል፣ ጎኑ ከክብሪት እንጨት በሚቀጥኑ ጣውላዎች የተገጣጠመ፣ መቅዘፊያው፣ መልሕቁ፣ የገመዱ ጥቅልል ሳይቀር የተሟላ ነበር። ቀለም ግን አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ በካርቶን ቁራጭ የተቀቡ አሥራ አራት ዓይነት ብርቱካንማ ቀለሞች ተደርድረዋል፤ አንዱ ወደ ቀይ ያደላ፣ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ የደበዘዘ። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ይጠቁራል፤ ስለዚህ ለሞዴል ሲሆን ነጭ ጠብ እየተደረገበት ይላላል። እሳቸው ይህን ሲለኩ ነው የከረሙት።

የወደቡ ኃላፊ በየቀኑ ብቅ ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የግብዣ ወረቀት በትኖ የጨረሰ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ብርቱካን ብርቱካን ነው። ይቀቡትና እንገላገል። ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ብርቱካንማ ሆና ነው።»

«ከተማው የሚያውቀው ከዚያ በኋላ የመጣችውን ነው። እኔ የምሠራው የፊተኛዋን ነው።»

«ትእዛዙ በዚያው ዓመት መጥቶ የለም እንዴ? ከሩቅ እንዲታዩ ሁሉም ብርቱካንማ ይቀቡ ተብሎ?»

«ትእዛዙ መጥቷል» አሉ ጋሽ ሦስት እጅ፣ ግድግዳውን እያዩ።

«ፎቶውስ?»

«ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ብርቱካኑም ግራጫውም እዚያ ላይ አንድ ናቸው።»

ኃላፊው የሣቀ መሰለ። የሞዴሉን ቀለም ልትጠይቅ መጥታ የነበረችው መምህርቷ ግን አልሣቀችም። ግራጫ የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ከየት አመጡት? ነፋሱ ሲበርድ ከጎረቤት ወደብ ለፍለጋ የመጣው መርከብ አዛዥ የተናገረውን ታውቃለች፤ ተማሪዎቿ ሳይቀሩ ያውቁታል። «ባሕሩ ግራጫ ነበር፤ ሌላ ያየሁት ነገር የለም» ብሎ ነው የተመለሰው። ከሁለት ቀን በኋላ ጀልባዋ ቀለሟ እስከማይለይ ተፈትጋና ተሰባብራ፣ በውሃ ተሞልታ፣ ባዶዋን፣ እሱ ባለፈበት መንገድ ላይ ተገኘች። ብርቱካንማ ከነበረች አዛዡ ዕውር ነበር። ካልነበረች ግን አባቷ እዚያው እያለ ታልፏል ማለት ነው። መምህርቷ የቀለሙን መስመር መሙላት ያቃታት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጋሽ ሦስት እጅ ወደ እናቷ ቤት መጡ። ብሩሽ አልያዙም። ከጀልባዋ ለከተማው የተረፈው አንድ ጣውላ እናቷ ማድ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሆኖ ተሰቅሏል፤ የተቀባው ፊቱ ወደ ታች ነው።

«ጣውላሽን ልየው ብዬ ነው» አሉ።

«አርባ ዓመት በሥሩ ስታልፍ አላየኸውም?»

«ወደ ላይ አላይም ነበራ።»

«አሁን ታዲያ ምን ተገኘ? ብርጭቆዎቼን እንዳትሰብርብኝ።»

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አወረዱ። ከጥግ የነበረችውን የቆርቆሮ ሣጥን ሲያነሱ ክዳኗ ተፈናጥሮ ወረቀቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። እናቷ ከዕድሜዋ በማይጠበቅ ፍጥነት ብድግ አለች።

«ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

እሳቸው ግን ቁጢጥ ብለዋል። አንድ ቢጫ የሆነ፣ ለሁለት የታጠፈ ካርድ አንስተው የሰው ወረቀት ከሚታይበት በላይ ቆይተው አዩት። መምህርቷ ዓይናቸው ደክሞ ነው ብላ አሰበች። ካርዱን መልሰው ከተቱት፤ ሣጥኗን ዘግተው ለእናቷ ሰጧት። እናቷ ሣጥኗን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

ከዚያ ጣውላውን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። በትንሽ ምላጭ፣ ቀጥሎም ዘይት ጠብ ባደረጉበት የብርጭቆ ወረቀት ሳንቲም የምታክል ክብ ቦታ ይፈትጉ ጀመር። ቀለሙ እየተላጠ ሲሄድ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ወጣ። ከመሐል እንጨቱ፤ ዙሪያውን ነጭ፤ ደግሞ ነጭ፤ እንደገና ነጭ፤ ከሁሉ በላይ ቀጭን ግራጫ።

«ከግራጫው በላይ የነበረውን ባሕሩ ልጦት ይሆናል» አለች መምህርቷ።

«ባሕር ይልጣል። ከምስማር ቀዳዳ ውስጥ ግን አጥቦ አይጨርስም።»

መርፌ አውጥተው አንዱን አሮጌ የምስማር ቀዳዳ ቆፈሩት። መርፌዋ ጫፍ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ግራጫ ነገር ይዛ ወጣች። ሁለተኛውን ቆፈሩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም። ብርቱካንማ የሚባል የለም። እናቷ ከጀርባቸው ሻዩን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማማሰሉን አልተወችም።

ጣውላውን ወደ ቦታው መልሰው ብርጭቆዎቹን እንደነበሩ ደረደሩ። የተቀዳላቸውን ውሃ ሳይነኩ ወጡ። በሩን ሊዘጉ ሞከሩ፤ አልዘጋ አላቸው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መምህርቷ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ክፍሉ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅና የእንጨት ዱቄት ይሸታል። አሥራ አራቱ የካርቶን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ የሉም።

«ጋሼ፣ ግራጫው ምንድን ነው?»

«መነሻ ቀለም ነው። ላዩ ላይ የሚመጣውን እንዲይዝ ሻከር ይላል። ጀልባ በመነሻ ቀለም ወደ ባሕር አይወጣም።»

«ይህቺ ወጥታለች።»

«ወጥታለች።»

«ማን ነበር የሚቀባት?»

«እኔ ነበርኩ።»

አልደበቁም፤ ድምፃቸውም አልተለወጠም። ብሩሹን በጨርቅ እየጠረጉ ነገሯት። ዓርብ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አምስት፣ ጀልባዋን በመጠለያዋ ውስጥ አንድ እጅ ግራጫ ቀቧት። ሁለት ቀን መድረቅ ነበረባት። እሑድ ጠዋት ተመልሼ ብርቱካኑን አደርጋለሁ ብለው ከከተማ ወጡ። ጣውላውን የፈተጉት እሳቸው ሳይኖሩ ሌላ ሰው ብርቱካኑን ደርቦላት እንደሆነ ብለው ነበር።

«እሑድ መጡ?»

«ሮብ መጣሁ። በሃያ።» ጨርቁን አጠፉት፤ መልሰው ፈቱት። «እናትሽ የመጠለያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። መቼ ወጡ አልኳት። በአሥራ ሰባት ገና ጎህ ሳይቀድ አለችኝ። አሥራ ሰባት እሑድ ነው። እኔ በቀጠሮዬ ብመጣ እንኳ ሄደዋል። እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ያው ነበር።»

«ያው ነበር» አለች መምህርቷ።

«አርባ ዓመት የኖርኩት በዚያች እሑድ ላይ ነው።»

እናቷ ለእሷ ስትነግራት ማክሰኞ ነው የምትለው። ማክሰኞ ከሆነ ብርቱካኑ እሑድ ተቀብቶ፣ ሰኞ ውሎ አድሮ ደርቆ፣ ጀልባዋ እንደ እሳት እየታየች በወጣች ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። በዚህ መሐል ኃላፊው የግብዣ ወረቀቱን እያራገበ ገባ።

«ደግሞ እስካሁን አልተቀባም? ጋሼ፣ ካልሆነ ሌላ ቀቢ እጠራለሁ፤ እውነቴን ነው።»

«ጥራ» አሉት። «ሲመጣ ግን ሦስት እጅ በለው።»

መምህርቷ ቃሏን ዋጠችና ወጣች። ቃሉ ቢያመልጣት ምን ልታደርግ እንደነበር ራሷም አላወቀችውም። ቃል ከአፍ ከወጣ፣ እንቁላል ከእጅ ከወደቀ አይመለስም ይባላል።

ቤት ደርሳ እናቷ ከጎረቤት እስክትመለስ አልጠበቀችም። የቆርቆሮ ሣጥኗን ከፈተች። ቢጫው ካርድ ከላይ ነበር። የክትባት ካርድ ነው፤ የራሷ። ስሟ፣ ዕድሜዋ ሦስት ወር፣ የጤና ጣቢያው ማኅተም፤ ቀኑ የዚያው ወር አሥራ ስምንት፣ ሰኞ። «ያመጣው ሰው» በሚለው ላይ አባቷ ፈርሟል። ነርሷ በእርሳስ «በዚህ ነፋስ!» ብላ ጽፋበታለች።

መምህርቷ የአባቷን ፊርማ አይታ አታውቅም። መጨረሻው ፊደል ወደ ላይ ይጎተታል፤ የእሷም እንዲሁ ነው።

እናቷ በወፍራሙ በር በኩል ጎኗን አስቀድማ ገባች። ካርዱን አየችው። ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አደረገችና ተቀመጠች።

«በአሥራ ሰባት የሞተ ሰው በአሥራ ስምንት እንዴት ይፈርማል?» አለች መምህርቷ።

«አይፈርምም።»

«ታዲያ?»

«ማክሰኞ ነው የወጡት። በአሥራ ዘጠኝ።» እናቷ እጇን ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ሮብ ዕለት ያንን ልጅ ብታዪው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። የቀለሙን ቆርቆሮ እንደተሸከመ እየሮጠ መጣ። ጀልባዋ የለችም። መቼ ወጡ አለኝ። ማክሰኞ ብለው ኖሮ ከዚያው ባሕሩ ውስጥ ይገባ ነበር። ዓይኑን አይቼዋለሁ። አፌ አሥራ ሰባት አለ።»

«ለሁሉም ሰው አሥራ ሰባት አልሽ።»

«አንዴ ካልኩ በኋላማ ምን ልበል? ለአባትሽ ሁለት ቀን ምን ታደርግለታለች? እሱ ከሄደ ሄደ። ለዚያኛው ሰጠሁት።»

«ከእኔ ወስደሽ ነው የሰጠሽው» አለች መምህርቷ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ይልቁን ዝቅ አለ። «በዚያ ነፋስ ታቅፎኝ የሄደባትን ቀን ነው ያጠፋሽብኝ።»

«እንዳትነግሪው» አለች እናቷ። «የፈለግሽውን እኔን በይኝ። እሱን ግን እንዳትነግሪው። ስንት ዓመት ነው የቀረው?»

መምህርቷ ካርዱን እጇ ላይ አገላበጠች። በዚያን ጊዜ ነው የቅዳሜው ትዝ ያላት፤ ቁጢጥ ያሉት ሽማግሌ፣ ቢጫው ካርድ፣ ሳይጠጣ የቀረው ውሃ።

«አይተውታል» አለች። «ሣጥኑ ሲወድቅ ያነሱት ይህንኑ ነበር።»

እናቷ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። በወለሉና በበሩ መካከል ባለው ክፍተት የመንገዱ ብርሃን ይገባል።

የምረቃው ጠዋት መምህርቷ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ካርዶች ይዛ መጣች። ሁለቱም በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ቀለም የተጻፉ ናቸው፤ በአንዱ ላይ ቀኑ አሥራ ሰባት፣ በሌላው አሥራ ዘጠኝ ነው። የቀለሙን መስመር በሁለቱም ባዶ ትታዋለች። ሌሊቱን የትኛውን እንደምትለጥፍ ስታወጣ ስታወርድ አድራ አልወሰነችም። የወሰነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሳይመጣ ቀድማ ደርሳ ትጠይቃቸዋለች። ከእሑድ እስከ ሮብ የት ነበሩ? የታመመ ነበር? ሴት ነበረች? ወይስ እንዲሁ ዛሬ ነገ ሲሉ? መልሱ ምንም ይሁን፣ የሚፈረደውን ከሰማች በኋላ ትፈርዳለች።

ኃላፊው ግን ቀድሟታል። ጨርቁን ከመስታወቱ ሣጥን ላይ ገልጦ እንደያዘው ቀርቷል። ጀልባዋ ግራጫ ናት። ሙሉ ለሙሉ፣ ሳይብረቀረቅ፣ ሻከር ያለ ግራጫ። ጋሽ ሦስት እጅ በንጹሕ ሸሚዝ አጠገቧ ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ ትንሽ የጉዞ ቦርሳ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ይህቺ እኮ አልተጨረሰችም» አለ ኃላፊው።

«አልተጨረሰችም ነበር» አሉ።

«ሰው ምን ይለኛል? አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ።»

እሳቸው ወደ መምህርቷ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግድግዳውን ሳይሆን፣ እሷን አዩ።

«ካርዱ የታለ?»

እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ሁለቱ ካርዶች ተጣብቀው ወጡ። ሳትለያቸው ዘረጋቻቸው። ጋሽ ሦስት እጅ ተቀበሏትና አዩአቸው። አሥራ ሰባት የሚለውን ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። አሥራ ዘጠኝ የሚለውን ሣጥኑ ላይ አስደግፈው፣ ከኃላፊው ደረት ኪስ እስክሪብቶ መዘው፣ በባዶው መስመር ላይ ቀስ ብለው ጻፉ። ግራጫ፣ አንድ እጅ።

እናቷ በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሲወጡ በእሷ በኩል ማለፍ ነበረባቸው።

«ዘንድሮ በሬን አልቀባህልኝም» አለቻቸው።

«ይበቃዋል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለ እሑዷ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና አለፏት።

እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መምህርቷ ልትከተል ስትል ኃላፊው ክንዷን ያዘ። ቀኑ ለምን ተለወጠ፣ ግብዣው ላይ አሥራ ሰባት ተብሏል፣ አንድ እጅ ማለት ምን ማለት ነው፣ ሕዝቡ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ ይላታል። አንዱንም አልመለሰችለትም። ክንዷን ስታላቅቅ ቦርሳዋ ወደቀ፤ ትታው ወጣች።

በሥራ ክፍላቸው መስኮት በኩል ስታልፍ ጠረጴዛው ላይ አንዲት የብርቱካንማ ቀለም ጠርሙስ አየች፤ ክዳኗ እንደታሸገ ነው። አጠገቧ ያልተነከረ አዲስ ብሩሽ ተቀምጧል። እግሯን አፈጠነች። ከመጋዘኑ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው መቶ እርምጃ አይሞላም። አውቶቡሱ በሩን እየዘጋ ነበር። ከኋላ ረድፍ በመስኮቱ በኩል የሸሚዛቸውን ንጹሕ አንገትጌ አየች። «ጋሼ» ብላ ጠራች፤ ሞተሩ ዋጠው። «እሑድ ዕለት» ብላ ጀመረች፤ አውቶቡሱ ግን ጥጉን ዞሮ፣ የባሕሩን ዳር መንገድ ይዞ ሄዷል።